«ይችላል ወይስ አይችልም?» በኦፕን ሶርስ የቴስት መሣሪያ ላይ ሪፖርትና ቻርት መጨመር ምን ይጠይቃል

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት ሶፍትዌር ሠርተን ለርክክብ ተቃርበን ነበር። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ጠባብ ቢሯችን መጡ። በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ በሒሳብ የማይደራደሩ ሴት ናቸው። ቡና ቀርቦ፣ ሁላችንም ከበን ተቀምጠን የጭነት ቴስቱን ፊታቸው አስኬድኩት። ጥቁሩ ስክሪን ላይ መስመሩ ይወርድ ጀመር፦ የገጹ ስም፣ 200 የሚል ኮድ (ተሳክቷል ማለት ነው)፣ የሚሊ ሰከንድ ቁጥር፤ ደግሞ የገጹ ስም፣ 200፣ ቁጥር። ሲያልቅ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ወሩ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ባንዴ ሲገባበት ይችላል ወይስ አይችልም?» አሉኝ።

መልሱ እዚያው ፋይል ውስጥ ነበር። በእጄ ግን አልነበረም። «ነገ አዘጋጅቼ አመጣለሁ፣ እትዬ» ብዬ ሸኘኋቸው።

የተጠቀምንባት መሣሪያ በፓይተን የተጻፈች፣ ኮዷ ለማንም ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መሞከሪያ ናት። የተጠየቀችውን ያህል ተጠቃሚ መስላ ሰርቨሩን ታጣድፋለች፣ ትለካለች፣ ውጤቱን በተርታ ትጽፋለች። ሪፖርት የሚባል ነገር አልነበራትም። ኦፕን ሶርስ ስለሆነች የጎደላትን መሙላት የተጠቃሚዋም ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ እየተሰበሰብን ጨመርንላት። ሥራው የማይነበብ ውጤት ወደሚነበብ ሪፖርት መለወጥ ነው። ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ እኛም ሦስት ቀን ይበቃዋል ብለን ነበር የጀመርነው። ግራፍ መሣሉ በእርግጥ አንድ ምሽት ነው የፈጀው። የከበደው ከግራፉ በፊትና ከግራፉ በኋላ ያለው ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው እንዲጠቅም እሱን ላስረዳ።

የሶፍትዌር ቴስት ስንል በደፈናው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዱ «ልክ ነው ወይ?» ይላል፤ አባሉ 500 ብር ሲያስገባ ቀሪ ሒሳቡ በ500 ብር ጨመረ ወይ? ሌላው «ይችላል ወይ?» ይላል፤ 1,000 ሰው ባንዴ ሲገባ ገጹ በስንት ሰከንድ ይከፈታል? የመጀመሪያው መልስ አለፈ ወይም ወደቀ ነው። የሁለተኛው ግን በሺህና በመቶ ሺህ የሚቆጠር የጊዜ ልኬት ነው። ለሁለቱም ሪፖርት ያስፈልጋል፤ አንድ ዓይነት ሪፖርት ግን አይሆናቸውም።

ውጤት የሚጻፍበት መንገድ ራሱ ታሪክ አለው። ታፕ የሚባለው አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ከፐርል ቋንቋ የራሱ ቴስቶች ጋር የተወለደ ነው፤ መጀመሪያ ስንት ቴስት እንዳለ ይናገራል፣ ከዚያ በየመስመሩ «እሺ 1»፣ «እሺ 2»፣ «እሺ አይደለም 3» እያለ ይወርዳል። ዛሬም ይሠራበታል። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ጄዩኒትን፣ የጃቫ ቋንቋ የቴስት መሣሪያን፣ ጻፉ። በጄዩኒት ዙሪያ የተለመደው የኤክስኤምኤል (በምልክት የተደራጀ ጽሑፍ) ፋይል ከጃቫ ሰፈር ወጥቶ የሁሉም መግባቢያ ሆኗል፤ የፓይተኑ የቴስት ማስኬጃ ፓይቴስት እንኳ ከጠየቁት ይጽፈዋል። ሪፖርት ልጨምር ብሎ የተነሣ ሰው የራሱን አዲስ የፋይል ዓይነት ከመፍጠሩ በፊት እነዚህን ይመልከት። የታወቀ ፋይል ካወጣ ሌሎች መሣሪያዎች ወዲያው ያነቡለታል፤ ግማሹ ሥራ ባይነካውም ተሠርቶ ያገኘዋል።

መዝገቡና ሥዕሉ ይለያዩ

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ይህ ነው፤ ውጤቱን መመዝገብና ውጤቱን መሣል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆን አለባቸው።

እኛ መጀመሪያ የጻፍነው ኮድ ቴስቱ እየሄደ ግራፉን በየሰከንዱ ያድስ ነበር። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን የምላሽ ጊዜው ከቀድሞው ዘገየብን። ሰርቨሩን ብንመረምር ደህና ነው። ችግሩ የኛው ላፕቶፕ ነበር፤ ግራፍ በመሣል ተጠምዶ ጥያቄውን በጊዜው አይልክም፣ መልሱም ሲመጣ በጊዜው አያነሣም። መለኪያው የሚለካውን ነገር አበላሸው ማለት ነው። አንድ ምሽት ሙሉ የሌለ ጥፋት ሰርቨሩ ላይ ስንፈልግ አደርን።

ትልልቆቹ መሣሪያዎች ይህን ከቆየ ልምድ ያውቁታል። ጄሜተር እ.ኤ.አ. በ1998 ስቴፋኖ ማዞኪ የጀመረው፣ ዛሬ በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ያለ በጃቫ የተጻፈ የጭነት መሞከሪያ ነው። ብዙ ዓመት ሰው ውጤቱን የሚያየው በመስኮቱ ላይ በሚከፈቱ ሠንጠረዦችና ግራፎች ነበር፤ ለከባድ ጭነት ግን የራሱ መመሪያ መስኮቱን ትታችሁ በኮማንድ አስኪዱት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 3.0 እትም ግን ቴስቱ ካለቀ በኋላ ከተመዘገበው ፋይል ላይ ሙሉ የኤችቲኤምኤል (በብራውዘር የሚከፈት ገጽ) ሪፖርት የሚያወጣ ክፍል ይዞ መጣ። የሚያነበው ተራ የሲኤስቪ፣ በኮማ የተከፋፈለ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ ጥያቄው የተላከበት ቅጽበት፣ የፈጀው ጊዜ፣ የጥያቄው ስም፣ የመልስ ኮድ፣ ተሳካ ወይስ አልተሳካም፣ ስንት ባይት፣ የመጀመሪያው ባይት እስኪመጣ የቆየው ጊዜ። ሪፖርቱን የሚያስቀምጥበት አቃፊ ደግሞ ባዶ ካልሆነ አልሠራም ይላል፤ የትናንቱ ሪፖርት በዛሬው ሳይታወቅ እንዳይሸፈን። ይህችን ትንሽ ጥንቃቄ በጣም ስለወደድኳት እኛም ወሰድናት።

ሮቦት ፍሬምወርክ የሚባለው የቴስት መሣሪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። ቴስቱ ሲያልቅ አንድ የኤክስኤምኤል መዝገብ ይጽፋል፣ ከሱ ደግሞ ዝርዝሩንና ማጠቃለያውን ሁለት የኤችቲኤምኤል ገጾች አድርጎ ያወጣል። ሪቦት የሚባል አጋዥ አለው፤ መዝገቡን ብቻ ይዞ፣ ቴስቱን ዳግም ሳያስኬድ፣ ሪፖርቱን እንደገና ይሠራል። የሁለት ቀን መዝገብ ማዋሃድም ይችላል።

ጥቅሙ የሚታየው አንድ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ «ያኔ ብድር መጠየቂያው ገጽ ብቻ ለብቻው እንዴት ነበር?» ሲል ነው። መዝገቡ ካለ በደቂቃ ይመለሳል። የተቀመጠው ሥዕሉ ብቻ ከሆነ ግን መልስ የለም፤ ጭነት ደግሞ ዳግም ቢሞከር ያው አይመጣም፣ ሰርቨሩም ኔትወርኩም የዚያን ቀኖቹ አይደሉም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ስስት አያስፈልግም። ዛሬ የማንሥለውንም መመዝገብ ይሻላል፤ የተሞከረው ሶፍትዌር የትኛው እትም እንደነበር፣ በየትኛው ማሽን፣ በስንት ተጠቃሚ። እነዚህ የሌሉበት ሪፖርት ቀን እንደሌለው ደረሰኝ ነው።

የትኛው ቁጥር ነው እውነቱን የሚናገረው?

መዝገቡ ከተያዘ በኋላ የሚመጣው ፈተና የቁጥር ምርጫ ነው፤ ብዙ ሪፖርት የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ 100 ሰው ገጹን ከፈተ እንበል። 95ቱ በ200 ሚሊ ሰከንድ ተከፈተላቸው፤ ዓይን ሳይርገበገብ ማለት ነው። 5ቱ ግን 10 ሰከንድ ጠበቁ። አማካዩ ስንት ነው? 95 ሲባዛ በ200፣ 19,000፤ 5 ሲባዛ በ10,000፣ 50,000፤ ድምሩ 69,000 ለ100 ሲካፈል 690 ሚሊ ሰከንድ። አሁን ይህን ቁጥር ተመልከቱት። ከ100ው ሰዎች መካከል 690 ሚሊ ሰከንድ ያየ አንድም የለም! ለ95ቱ የተጋነነ ነው፣ ለ5ቱ ደግሞ ከደረሰባቸው ጋር አይገናኝም። የማንንም ገጠመኝ የማይናገር ቁጥር በትልቁ አውጥቶ ሪፖርቱ አናት ላይ መስቀል ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ነው ፐርሰንታይል የሚባለው የተለመደው። ሐሳቡ ከስሙ ይቀላል። ሰዎቹን በቶሎ ከተስተናገደው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዘገምተኛ ድረስ በሰልፍ አቁሟቸው። 50ኛው ላይ የቆመውን «ስንት ጠበቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያ 50ኛው ፐርሰንታይል ነው፣ መሀለኛው ሰው። 90ኛውንም እንዲሁ፣ 99ኛውንም እንዲሁ። በኛ ምሳሌ 50ኛውም 90ኛውም 95ኛውም «200» ይላሉ፤ 99ኛው ግን «10,000» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታነቡ ታሪኩ ይወጣል፦ ብዙኃኑ ተመችቶታል፣ ጥቂቶች ተሰቃይተዋል። ጄሜተርም ሪፖርቱ ላይ 90ኛውን፣ 95ኛውንና 99ኛውን የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ፐርሰንታይል የራሱ ወጥመድ አለው። ጭነቱን ከሁለት ላፕቶፕ ብትልኩ የሁለቱን 95ኛ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ያጓጓል። አይቻልም። አንደኛው ላፕቶፕ 990 ጥያቄ ልኮ ሁሉም በ100 ሚሊ ሰከንድ ተመለሱለት እንበል፤ ሁለተኛው 10 ብቻ ልኮ ሁሉም 2,000 ሆኑበት። የየራሳቸው 95ኛ 100 እና 2,000 ነው፤ «አማካዩ» 1,050 ይሆናል። ሺውን ሁሉ ባንድ ሰልፍ ብታቆሟቸው ግን 950ኛው ላይ የሚቆመው ሰው 100 ሚሊ ሰከንድ ነው የጠበቀው። ከእውነቱ በአሥር እጥፍ የራቀ ቁጥር አወጣን ማለት ነው። መፍትሔው ጥሬውን መዝገብ አንድ ላይ አምጥቶ ከዚያ ማስላት ነው፤ መዝገቡ ይቀመጥ ያልኩት እዚህም ያድናል።

መዝገቡ በጣም ሲገዝፍ ደግሞ ሁሉንም ሜሞሪ ውስጥ አስገብቶ በሰልፍ ማቆም ይከብዳል። ጄሜተር በመነሻ ቅንብሩ ፐርሰንታይል የሚያሰላው የቅርቦቹን 20,000 ልኬቶች ብቻ በሚይዝ ተንሸራታች መስኮት ነው፤ መስኮቱን ማስፋት ይቻላል፣ ቁጥሩ ይበልጥ ይታመናል፣ ሜሞሪውን ግን ይበላል። እኛ ፋይሉን መስመር በመስመር እያነበብን ጊዜዎቹን ብቻ ቦታ በማይበላ የቁጥር ዝርዝር መያዝን መረጥን፤ ለኛ መጠን በቂ ነው።

አፕዴክስ የሚባል አንድ ውጤትም ታገኛላችሁ፤ የተገልጋይን እርካታ ከ0 እስከ 1 ባለ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ከተቀመጠው ወሰን በታች የተስተናገደ ሙሉ ነጥብ፣ ትንሽ የዘገየበት ግማሽ፣ ብዙ የጠበቀ ዜሮ። በጄሜተር መነሻ ቅንብር ወሰኖቹ 500 እና 1,500 ሚሊ ሰከንድ ናቸው። የኛን 100 ሰዎች ብናስገባበት 0.95 ይሆናል፤ በአፕዴክስ መለኪያ ደግሞ ከ0.94 ጀምሮ ያለው «እጅግ ጥሩ» ነው የሚባለው። 10 ሰከንድ ስክሪን ላይ ያፈጠጡትን 5 ሰዎች አስቡ። ቁጥሩ ስህተት ነው አልልም፤ ብቻውን ግን ገጽ ላይ መቀመጥ የለበትም።

የአለፈ የወደቀ ቴስት ሪፖርት ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። 100 ቴስት ተጽፎ 60 አለፈ፣ የወደቀ የለም፣ 40ው ተዘለለ እንበል። «100 በመቶ አለፈ» ማለትም ይቻላል፣ «60 በመቶ አለፈ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን ከመጀመሪያው የሚወስደው ዕረፍት ነው፣ ከሁለተኛው የሚወስደው ሥጋት። እኛ መቶኛውን ትተን አራቱንም ቁጥር በጽሑፍ አስቀመጥን፦ አለፈ፣ ወደቀ፣ ተዘለለ፣ ተሰናከለ። ወደቀና ተሰናከለ ይለያሉ፤ የመጀመሪያው ሶፍትዌሩ የተሳሳተ መልስ ሰጠ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ቴስቱ ራሱ መጨረስ አልቻለም። የጄዩኒቱ ፋይልም ለየብቻ ነው የሚይዛቸው።

ግራፉ

ለምን ግራፍ ያስፈልጋል፣ ሠንጠረዥ አይበቃም ወይ ለሚል ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ፍራንሲስ አንስኮምብ የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ ያቀረባቸውን አራት የቁጥር ስብስቦች አሳዩት። የአራቱም አማካይ አንድ ነው፣ ስርጭታቸው አንድ ነው፣ ተዛምዷቸውም አንድ ነው። ሲሣሉ ግን አንዱ ወደ ላይ የሚያዘነብል የነጥብ ደመና፣ አንዱ እንደ ኮረብታ የጎበጠ፣ አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አንድ ነጥብ ያመለጠው፣ አንዱም ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ሆኖ አንዲት ነጥብ ብቻ ርቃ የተቀመጠችበት ነው። ይህን ዓይን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ዓይንም ግን ይታለላል። ስለ ግራፍ የተማርነውን በአጭሩ፦ የምሰሶ ግራፍ ከዜሮ ይነሣ። ከ180 ቢጀምር የ200 እና የ210 ልዩነት የታቦርን ተራራ ያህል ይታያል። መረጃ የጠፋበት ቦታ ላይ መስመሩን አትቀጥሉት፤ ሰርቨሩ ለ2 ደቂቃ ዝም ብሎ ከነበረ ክፍተቱ ይታይ። መስመር ስቦ ማገናኘት ያልተለካውን እንደተለካ ማቅረብ ነው። ቀይና አረንጓዴ ብቻቸውን አይበቁም፤ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ሁለቱን መለየት ይቸገራል፣ የታተመ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁላችንም እንቸገራለን። ከቀለሙ ጎን «ወደቀ» የሚል ቃል ይኑር።

በጣም የሚያሳስበው ግን የጊዜ ቁራጭ ምርጫ ነው። የጊዜ ግራፍ እያንዳንዱን ልኬት አይሥልም፤ በቁራጭ ሰብስቦ የየቁራጩን አማካይ ይሥላል። ጄሜተር በመነሻው አንድ ደቂቃ ያደርገዋል። ሰርቨሩ ለ5 ሰከንድ ቢታነቅ ቀሪው 55 ሰከንድ ይውጠዋል፣ ግራፉም ለጥ ያለ ሐይቅ ይመስላል። ቁራጩን 1 ሰከንድ ስታደርጉት ደግሞ ሁሉም ነገር እሾህ ይሆናል። እኛ ቁራጩን እንደ ቴስቱ ርዝመት እንዲቀያየር አደረግንና በየቁራጩ የመሀለኛውን ሰው ብቻ ሳይሆን የ99ኛውንም መስመር አብረን ሣልን። መስመሮቹ ሲራራቁ እዚያ ቦታ ላይ ነገር አለ።

ፊደሉ፣ ሰዓቱና ቀኑ

ግራፉን የሠራነው በማትፕሎትሊብ ነው። ጆን ሀንተር የሚባል ሰው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የአንጎል ሞገድ ለማየት የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የወጣ የፓይተን ላይብረሪ ነው። ርዕሱን «አማካይ የምላሽ ጊዜ» ብለን ጽፈን አስኬድነው። ግራፉ ወጣ፤ ርዕሱ ባለበት ግን ባዶ ሣጥን ተሰልፏል፣ በየፊደሉ ልክ አንድ አንድ ሣጥን። ተርሚናሉ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ 4768 ቁጥር ቅርጽ በዚህ ፎንት ውስጥ የለም ይላል።

4768 የኛ «አ» ናት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲመዘገብ የተሰጣት ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ፊደሏን አውቋታል፣ በቁጥሯ ጠርቷታል፤ የጎደለው መልኳን የሚያሳይ ፎንት ብቻ ነው። ላይብረሪው ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ማስቀመጥና ላይብረሪው እሱን እንዲጠቀም መንገር ነው፤ ሁለቱም ፈቃዳቸው ከሶፍትዌር ጋር አብሮ ማሠራጨትን ይፈቅዳል። ሌላው መንገድ ግራፉን ኤስቪጂ በሚባለው የሥዕል ፋይል አውጥቶ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ መተው ነው፤ ያኔ የአንባቢው ስልክ በራሱ ፎንት ይጽፈዋል፣ ጽሑፉም ይፈለጋል፣ ይቀዳል። እኛ ሁለተኛውን መረጥን። ሣጥኑ ጠፍቶ «አማካይ» የሚለው ቃል ሲመጣ የተሰማን ደስታ ከሥራው ሁሉ በላይ ነበር።

ሰዓቱም ሥራ አለው። መዝገቡ ጊዜን የሚይዘው እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በተቆጠረ ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሰርቨሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚጽፉት። መዝገቡ ላይ 19፡30 ያለው በኛ ቀጠና 22፡30 ነው፤ ሥራ አስኪያጇ የሚሉት ግን ከምሽቱ 4፡30 ነው። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። መዝገቡ በዓለም አቀፉ ይቆይ፣ ሪፖርቱ ለአንባቢው ይተርጉም።

የቀኑ ነገር ደግሞ ከማሳመር ያለፈ ነው። በኢትዮጵያ ወር ለሚከፈል ደመወዝ ጭነቱ የሚመጣው ወሩ 30 ሲል ነው። የ2018 ዓ.ም. ጥር 30 በአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ 7 ነው፣ የካቲት 30 ማርች 9፣ መጋቢት 30 ኤፕሪል 8። ግራፉ ሥር የአውሮፓውያኑን ቀን ብቻ ካያችሁ ጭነቱ 7፣ 9፣ 8 እያለ ያለ ሥርዓት የሚዘል ይመስላል። የኛን ስትጽፉበት 30፣ 30፣ 30 ይሆናል፤ ምክንያቱም ወዲያው ይገባል። የፓይተን መደበኛ የቀን ክፍል የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ መለወጫውን ራሳችን ጻፍን፣ ጳጉሜንን አምስትም ስድስትም እያደረግን ፈተንነው።

ሪፖርቱ ያለ ኢንተርኔት ይከፈት

የመጀመሪያው ሪፖርታችን ግራፍ ማሳያውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ከኢንተርኔት ነበር የሚጠራው። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ይከፈታል፣ ግራፉ ባለበት ነጭ ቦታ ይቀራል። የኛ አገር ሰው ሪፖርት የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ ተቀባዩ የሚከፍተው አውቶቡስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይግባ ብለን ወሰንን፦ ጽሑፉ፣ ቅርጹ፣ ግራፉ። የፓይቴስት የኤችቲኤምኤል ሪፖርት ማከያም ይህን የሚያደርግ ምርጫ አለው። ብዙ ፋይል ያለበት አቃፊ ከሆነ አንዱ ተነጥሎ ይላክና የተሰበረ ገጽ ይደርሳል።

ይህ ፋይል የሰው እጅ ስለሚገባ ሁለት ጥንቃቄ። የቴስት ስምና የስህተት መልእክት ውስጥ የኤችቲኤምኤል ምልክት ሊኖር ይችላል፤ ሳይጣራ ከተለጠፈ ገጹን ያፈርሳል፣ ክፉ ሰው ካሰበበትም አንባቢው ብራውዘር ላይ ኮድ ያስኬዳል። ጂንጃ የሚባለውን የገጽ ማዘጋጃ የሚጠቀም ሰው ማጣሪያው በመነሻው ጠፍቶ እንደሚመጣ ይወቅ፤ አብሩት። ሁለተኛው፣ የገጹ የኢንተርኔት አድራሻ ላይ የይለፍ ቃልና የስልክ ቁጥር ተጣብቆ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። የኛ ውስጥ ገብቶ አግኝተነዋል፤ የሙከራ ቁጥር ሆኖ ነው እንጂ የአባል ቢሆን ከባድ ነበር። አሁን መሣሪያዋ አድራሻው ውስጥ ከጥያቄ ምልክቱ (?) በኋላ ያለውን ቆርጣ ነው የምትጽፈው።

ወደ ዋናው ኮድ ማስገባት

ኮዱን ለራስ ማቆየት ይቻል ነበር። ግን መሣሪያዋ በታደሰች ቁጥር የኛን ክፍል እንደገና መስፋት ሊኖርብን ነው፤ ሌላውም ሰው ያው ችግር አለበት። ስለዚህ ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላክነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርተናል፤ ሁሉንም ጨርሰን ግዙፍ ፑል ሪኩዌስት (ኮዳችንን ተቀበሉን የሚል ጥያቄ) አቀረብን። የፕሮጀክቱ ጠባቂዎች በትሕትና መለሱልን። መጀመሪያ ኢሹ (የመወያያ ርዕስ) ከፍታችሁ ተነጋገሩ፣ ከዚያ ቁራጭ በቁራጭ አምጡት፦ በቅድሚያ መዝገቡን፣ ከዚያ ስሌቱን፣ በመጨረሻ ግራፉን። ልክ ናቸው። የማያውቁትን ሁለት ሺህ መስመር ማን በትርፍ ሰዓቱ ያነባል?

የጠየቁን ሁሉ ምክንያት ነበረው። የግራፉ ላይብረሪ የግድ መጫን የለበትም፤ ሪፖርት የማይፈልግ ሰው ሸክሙን አይሸከም፣ የሚፈልግ ጨምሮ ይጫን። ፈቃዱ ይጣጣም፤ ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ያለውን ላይብረሪ አብሮ እያሠራጩ ፕሮጀክቱን በአፓቼ ፈቃድ ብቻ ማቆየት አይቻልም። መሣሪያዋ ስትጨርስ የምትመልሰው ቁጥር እንዳለ ይቆይ፤ ዜሮ ከሆነ ሰላም፣ ካልሆነ ችግር አለ። የሌሎች ሰዎች አውቶማቲክ ሥራ በዚያች ቁጥር ላይ ስለቆመ ግራፍ መሣል ቢከሽፍ እንኳ ያለፈ ቴስት ወደቀ መባል የለበትም።

ሪፖርቱ ራሱም ቴስት ያስፈልገዋል። ሥዕልን ከሥዕል ማወዳደር አድካሚ ስለሆነ እኛ የምንፈትነው ቁጥሩን ነው፦ መልሱን በእጃችን ያሰላነው ትንሽ መዝገብ እንሰጠዋለን፣ ያንኑ ማውጣት አለበት። የላይኛው የ100 ሰው ምሳሌ ከዚያ የመጣ ነው፤ አማካይ 690፣ 95ኛ 200፣ 99ኛ 10,000። አንድም ልኬት የሌለበት ባዶ መዝገብም ሰጠነው። የመጀመሪያ ቀን ለዜሮ አካፍሎ ወደቀ፤ አሁን «ምንም ልኬት የለም» ብሎ ይጽፋል።

ለሥራ አስኪያጇ የገባሁት የ«ነገ» ቃል አምስት ሳምንት ወሰደ። በየሳምንቱ ደውዬ አሳወቅኳቸው። ሲዘጋጅ ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁላቸው፤ በማግሥቱ መጥተው ስልካቸው ላይ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ግራፉን አለፉት። ጣታቸው የቆመው ከሥር ያለው የየገጹ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ መግቢያው ገጽ 99ኛው ከሰከንድ በታች፣ ቀሪ ሒሳቡም እንዲሁ፣ የቁጠባ ታሪክ የሚያሳየው ገጽ ግን ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ የዘገየ።

«እነዚህ የሚጠብቁት እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«የቁጠባ ታሪካቸውን የሚከፍቱት ናቸው፣ እትዬ።»

«እሱማ ገባኝ። እነማን? ብዙ ዓመት የቆጠቡት ናቸዋ! የነሱ ደብተር ነው ረጅሙ።»

ወደ ዳታቤዙ ሄደን አየነው። እንዳሉት ነበር፤ ገጹ የአባሉን ታሪክ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ በሙሉ ነበር የሚያመጣው። የመጨረሻውን 30 ብቻ እንዲያመጣ አስተካክለን ቴስቱን ዳግም አስኬድነው። ያን ዕለት ማታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፑል ሪኩዌስት ላክን፤ የየገጹ ሠንጠረዥ ከግራፉ በላይ እንዲወጣ።